የተሰፋች ጣት፣ የደከመ እጅ



በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ልጆች የበዓል ልብስና ስለ ወላጆች ኪስ ልናወጋችሁ አስበን ነበር። ዳሩ ግን በክፍላችን ውስጥ ያጋጠመን አንድ ጉዳይ ሐሳባችንን ወደ ሌላ ወሰደው። የበዓሉን ወግ ኢንሻ አላህ ወደፊት እንመለስበታለን።

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ አብነት አካባቢ፣ ቀን በመደበኛው ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ የምናስተምረው አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አለን። በጥር ወር አንድ ጧት የቃል ጽሑፍ አስጽፈን ደብተሮቹን ስንሰበስብ የእርሱ ገጽ ባዶ ለማለት ጥቂት የቀረው ሆኖ አገኘነው። ቀኑንና ርእሱን ጽፏል። ከዚያ ሁለት መስመር ተኩል ያህል ከሄደ በኋላ ፊደሎቹ እየተንጋደዱ ወርደው ይቆማሉ። «ምነው ልጄ?» ብንለው ቀኝ እጁን ወደ ኪሱ እየከተተ፣ «ቲቸር፣ እጄ ደከመኝ» አለን። ዝም ስንልበት ጊዜም፣ «ሚኒስትሪ እንደሆነ ማጥቆር ብቻ ነው» ብሎ እኛኑ መልሶ አጽናናን።

ያ እጅ ለምን እንደደከመ እናውቅ ነበር። ወይም የምናውቅ መስሎን ነበር።

በመስከረም መጨረሻ፣ ከጁምዓ ሰላት መልስ፣ ነፋስ የግቢያቸውን የብረት በር ወርውሮ ሲዘጋው የልጁ የቀኝ እጅ መሐል ጣት በበሩና በመቃኑ መካከል ነበረች። ጫፏ ከጥፍሩ እኩሌታ ላይ ተቆርጣ ወደቀች። ቤቱ ተተራመሰ። አንዲት ጎረቤት የተፈጨ ቡና በስኒ ይዘው እየሮጡ መጡ። አንድ አዛውንት ደግሞ የተቆረጠችው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ ትቀበር አሉ። ከሰው አካል የተለየን ነገር መቅበር በእኛ ዘንድ የታወቀ ሥርዓት ነውና አባታችን አላጠፉም። ታላቅ እኅቱ ግን የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ በትምህርት ቤት የተማረች ልጅ ናትና ቡናውንም አላስነካች፣ ቀብሩንም «መጀመሪያ ሐኪም ይያት» ብላ አዘገየችው።

ይህች ልጅ ያደረገችውን በዝርዝር እንጻፍላችሁ፤ በየቤቱ ሊታወቅ የሚገባው ነውና። የሚደማውን ጣት በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋ ይዛ እጁን ከልቡ በላይ ከፍ አደረገችው። በገመድ አላሰረችውም። መሬት የወደቀችውን ቁራጭ በንጹሕ ውኃ ቀስ ብላ አለቀለቀቻት፤ አላሸቻትም። በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከተተችና አፉን ቋጠረችው። ከዚያ ታናሽ ወንድሟን ወደ ጁስ ቤት ልካ በረዶ አስመጣችና በረዶና ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ ፌስታሉን አስቀመጠችው። ቁራጯ በረዶውን በቀጥታ እንዳትነካ የተደረገው በከንቱ አይደለም፤ በረዶ በቀጥታ ሲነካው ሥጋው ይቃጠላል፣ ለስፌትም አይበጅም። በውኃ ወይም በአልኮል ውስጥ መዘፍዘፉም እንዲሁ ይጎዳዋል። ጣት ውስጥ ጡንቻ የለምና ከክንድ ወይም ከእግር ይልቅ ያለ ደም ረዘም ላለ ጊዜ ይታገሣል። በቅዝቃዜ በአግባቡ ከተያዘ እስከ አንድ ቀን ገደማ፣ ካልተያዘ ደግሞ ቢበዛ ለ12 ሰዓት ያህል ተስፋ ሊኖረው ይችላል። ይህን ስንል ቡና ጠጥታችሁ ሂዱ ማለታችን አይደለም፤ የፈጠነ ይጠቀማል።

ቡናውን በሚመለከት ግን እናቶቻችን አይቀየሙንና አንድ ቃል እንናገር። በቁስል ላይ የሚነሰነስ የቡና ዱቄት ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ ሐኪሙ ግን ያንን ዱቄት ከቁስሉ ውስጥ እየለቀመ ሲያወጣ ጊዜም ያልፋል፣ ሥጋም ይጎዳል፣ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል። ቡናው በጀበናው ይቆይ።

የተቆረጠን አካል መልሶ መስፋት ብዙ ዕድሜ ያለው ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በቦስተን ከተማ ዶክተር ሮናልድ ማልት የ12 ዓመት ልጅን ከትከሻው አጠገብ የተቆረጠ ክንድ መልሰው ተከሉ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1963፣ በሻንግሃይ ዶክተር ቼን ዦንግዌይ የአንድን የፋብሪካ ሠራተኛ እጅ መለሱ። ጣት ግን ከክንድ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ የደም ሥሮቹ እጅግ የቀጠኑ ናቸውና። በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ፣ በዓይን ለማየት በሚያስቸግር ክር አንድ አውራ ጣትን ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመለሱት በጃፓን ናራ ኮማትሱና ታማይ የተባሉ ሐኪሞች ሲሆኑ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1965 ነበር።

በጣት ጫፍ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ይኸው በማይክሮስኮፕ የደም ሥርን ከደም ሥር ማገናኘት ነው። በዚህ ጊዜ ደም የሚያመጣው ሥር ተገናኝቶ ደም መላሹ ባይገናኝ ጣቱ ደም ያቁርና ይጠቁራል፤ በአንዳንድ አገር ሆስፒታሎች የተጠራቀመውን ደም እንዲመጥ አልቅት ይለጠፍበታል። አዎን፣ ያችው በምንጭ ውኃ ከብት የምታስቸግረዋ አልቅት! ለሕክምና የሚውለው ግን በንጽሕና ተረብቶ የሚቀርብ ነውና ማንም ከወንዝ ለቅሞ እንዳይሞክረው። ሁለተኛው መንገድ፣ የደም ሥሮቹ ለስፌት የማይመቹ ሲሆኑ ቁራጯን እንዳለች መልሶ መስፋትና ከሥር ያለው ሥጋ እስኪመግባት መጠበቅ ነው። ይህ በትናንሽ ልጆች ላይ ይበልጥ ይሳካል፤ ዕድሜ ሲገፋ ተስፋው ይቀንሳል። ለተማሪያችን የተደረገለት ይህኛው ነው። አጥንቱ በቀጭን ሽቦ ተያዘ፣ ቆዳውና የጥፍሩ ማደሪያ ተሰፋ። ሐኪሙም ለእናቱ፣ «ልትይዝም ላትይዝም ትችላለች» አሏቸው። እውነቱን መናገራቸው መልካም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የጣቷ ጫፍ ጠቆረች፣ ደረቀች። እናቱ አለቀሱ። ሐኪሙ ግን ታገሡ አሉ። በአምስተኛው ሳምንት ሽቦው ከወጣ በኋላ ያ ጥቁር ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ ሲወድቅ ከሥሩ ሮዝማ፣ ለስላሳ፣ ሕያው ቆዳ ተገኘ። አልሐምዱሊላህ! ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ጣቷ ከነጣች፣ ከቀዘቀዘች፣ ከሸተተች፣ መግል ከያዘች ወይም ታማሚው ካተኮሰው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መመለስ እንጂ ቅርፊት ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም።

በእነዚያ ሳምንታት የቤቱን ሰላም ያናጋ ሌላ ነገርም ነበር። አባቱ ሲጋራ ያጨሳሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጓደኞቻቸው ጋር እዚያው ልጁ በሚተኛበት ክፍል ጫት ይቅማሉ። ሐኪሙ የሲጋራ ጭስ ልጁ ያለበት ክፍል እንዳይገባ ከልክለዋል። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባልና፤ ያቺ ጣት ደግሞ በክር ያህል በቀጠነ ደም ነበር የምትኖረው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ሥርን የማጥበብ ጠባይ አለው፤ ጣታቸው የተሰፋላቸው አዋቂዎች ሁለቱንም መተው አለባቸው። ይህን ለአባቱ ማን ይንገር? እናቱ ፈሩ። በመጨረሻ እኛ ከመግሪብ በኋላ መስጊድ በር ላይ ጠብቀን፣ በዕድሜ አባታችን ናቸውና አንገታችንን ሰበር አድርገን ነገርናቸው። ለጊዜው ዝም አሉ። በማግስቱ ግን ፍራሹም፣ ቴርሞሱም፣ ጓደኞቻቸውም ወደ በረንዳ ወጥተው እንደነበር ልጁ በፈገግታ ነገረን።

እንግዲህ ጣቷ ዳነች። ጉዳዩ በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን እኛው ራሳችን፣ አስተማሪ ተብዬዎቹ፣ የልጁን እጅ እናደክም ነበር። ስናዝንለት «አንተ አትጻፍ፣ አዳምጥ» አልነው። ጓደኛው በካርቦን እየገለበጠ ማስታወሻ ይሰጠው ነበር። በመድረሳም በቃል ብቻ እንዲያጠና ፈቀድንለት። እናቱ ቦርሳውን ለታናሹ አሸከሙት፤ ምግቡን ሳይቀር ያጎርሱታል። ሁላችንም ፍቅር መስሎን ነበር።

ከዚያ ባዶ ደብተር በኋላ እናቱን አስጠርተን አብረናቸው ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሄድን። ባለሙያዋ የልጁን እጅ አገላብጣ ካየች በኋላ በመጨበጫ መለኪያ ሁለቱንም አስጨበጠችው። ግራው 24 ኪሎ፣ ቀኙ 11። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ «ጣቱማ ድኗል፤ አሁን የታመመው እጁ ነው» አለችን።

አንዲት የጣት ጫፍ እንዴት ሙሉ እጅን ታደክማለች? እኛም ጠየቅናት። ውድ አንባቢ፣ መጽሔቱን አስቀምጥና አንድ ነገር ሞክር። በግራ እጅህ የቀኝህን መሐል ጣት ቀጥ አድርገህ ያዛት። አሁን የቀሩትን ጣቶች አጥብቀህ ለመጨበጥ ሞክር። የቀለበት ጣትህ ጫፍ ሙሉ በሙሉ አልታጠፈም፤ ጭብጥህም ላልቷል። አይደለም? ምክንያቱ ይህ ነው። ጣትን የሚያጥፈው ጡንቻ ያለው በጣት ውስጥ ሳይሆን ከክርን በታች ባለው ክንድ ውስጥ ነው። ከዚያ ተነሥተው ረጃጅም ጅማቶች እስከ ጣት ጫፍ ድረስ ይሄዳሉ። የመሐል ጣት፣ የቀለበት ጣትና የትንሿ ጣት ጅማቶች ደግሞ በአብዛኛው አንድ የጋራ ጡንቻ ነው የሚጎትታቸው። አንዷ ካልታጠፈች ሁለቱም ይታሰራሉ፤ በአንድ ቀንበር ከተጠመዱት አንዱ በሬ ቢተኛ ሌላውም እንደሚቆም ማለት ነው። ልጃችን ለወራት መሐል ጣቱን እንደ ቀረጮ ቀጥ አድርጎ፣ ምንም እንዳይነካት እየጠበቀ ነበር የኖረው። ስለዚህ ሦስት ጣት ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ ደግሞ ይሟሽሻል። እስክሪብቶ ስንይዝ ብዕሩ ተደግፎ የሚቀመጠውም በመሐል ጣት ጫፍ ጎን ላይ ነውና ጽሕፈቱ ከሁሉ በፊት ወደቀ።

ሌላም አለ። አዲሱ ቆዳ ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረው ነበር። የተቆረጠ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን መጀመሪያ የሚያመጣው ደግ ዜና አይደለም፣ ንዝረትና መለብለብ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ቁስሉ የተመለሰበት ይመስለውና እጁን ኪሱ ይከታል። እጁን በሸሸገ ቁጥር ደግሞ ቆዳው መነካትን ሳይለምድ ይቀራል።

ባለሙያዋ መጀመሪያ ያዘዘችው የጉልበት ሥራ ሳይሆን ማለማመድ ነበር። ጣቷን በጥጥ፣ ቀጥሎ በነጠላ ጫፍ፣ ከዚያ በፎጣ፣ ከሰነበተ በኋላ በጆንያ ማሸት። በሳሕን ጤፍ አድርጎ እጁን ውስጡ መክተትና ማላወስ፤ ጤፉ ሲለመድ ሩዝ፣ ቀጥሎ ስንዴ፣ በመጨረሻ ሽምብራ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። ጠባሳውን ደግሞ ቫዝሊን ቀብቶ በሌላው እጅ አውራ ጣት ክብ እያደረጉ ማሸት። ይህ ሁሉ ቁስሉ ፈጽሞ ከተዘጋ በኋላ ነው። በክፍት ቁስል ላይ ቫዝሊኑም፣ ብዙዎቻችን የምንወደው የጥቁር አዝሙድ ዘይትም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይደረግም።

ከዚያ መታጠፍ። እጁን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ካቆየ በኋላ የጣቷን መካከለኛ አንጓ በሌላው እጅ ይዞ ጫፏን ብቻ ማጠፍና መዘርጋት፣ ዐሥር ጊዜ። ቀጥሎ ጣቶችን እንደ ሜንጦ ማጠፍ፣ ከዚያ ሙሉ ጭብጥ፣ ከዚያ መዘርጋት። ጉልበቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ውኃ የጠጣ ስፖንጅ መጭመቅ፣ እርጥብ ፎጣ መጠምዘዝ፣ የልብስ መቆንጠጫ በአውራ ጣትና በመሐል ጣት መክፈት፣ ሊጥ ማሸት። የሐኪም ቤቱ መለማመጃ ጭቃ ባይገኝ የአምባሻ ሊጥ ያንኑ ይሠራል። እዚህ ላይ ግን እናቱ፣ «ወንድ ልጅ ሊጥ ሊያቦካልኝ?» ብለው ሳቁ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያወሱትን አስታወስናቸውና ነገሩ በዚያው ተቋጨ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምስር የሚለቅመው እርሱ ነው። ከምስር መካከል ትንሽ ጠጠር በሁለት ጣት ማንሣት ለተሰፋች ጣት እንዴት ያለ ትምህርት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል!

ልኩን ማወቅ ግን ያሻል። ባለሙያዋ የሰጠችን መለኪያ ቀላል ነው። ከልምምዱ በኋላ የሚመጣው ሕመም በዚያው ቀን ከለቀቀ ደህና፤ በማግስቱ ጧት ጣቷ አብጣ ወይም እያመመች ከተነሣች ትናንት በዝቷል ማለት ነውና መቀነስ ይገባል። ሽቦ ገና ያልወጣለት ወይም ጅማቱ ጭምር የተሰፋ ሰው ይህን ሁሉ ከመጀመሩ በፊት የሰፉለትን ሐኪም መጠየቅ አለበት። አጥንት ለመያያዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ የጅማት ስፌትም ከጊዜው በፊት ቢጎተት ይበጠሳል።

አንድ ልምምድ ደግሞ እኛው ጨመርን። ከሰላት በኋላ ተስቢሕ በመቁጠሪያ ሳይሆን በጣት አንጓ ይቆጠር አልን። አውራ ጣት የእያንዳንዷን ጣት አንጓ እየነካች ትሄዳለች፤ 33 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን አምስት ወቅት። ባለሙያዋ ስንነግራት፣ «እኔም የማዘው ይህንኑ ነው፤ አውራ ጣት ከእያንዳንዷ ጣት ጋር መገናኘት አለባት» አለች። አውራ ጣት ብቻዋን ከእጅ ሥራ 40 በመቶ ያህሉን ትሠራለች ይባላል፤ እርሷ ካልደረሰች የቀሩት ባዶ ናቸው። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት መሐል ጣቱ ላይ ሲደርስ ይዘል ነበር። ዙሩ 33 አልሞላ ሲለው ነው የነቃነው።

ስለ ውዱእም ጠይቆን ነበርና እንዳንረሳው። ፋሻው ባለበትና ውኃ በተከለከለበት ጊዜ ጤነኛውን ክፍል አጥቦ በፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ተየሙም ይጨመርበታል። ልጁ ግን ፋሻው ከወጣ ከሁለት ወር በኋላም ማበሱን ቀጥሎ ነበር። ቁስሉ ከዳነና ሐኪም ውኃን ከፈቀደ ማበሱ ያበቃል፤ ጣቷ እንደ እኅቶቿ ትታጠባለች። ዝርዝሩን እያንዳንዱ ሰው በሚያምነው ዓሊም ዘንድ ይጠይቅ። ለእኛ ልጅ ይህ ትእዛዝ ፊዚዮቴራፒም ሆነለት፤ በቀን አምስት ጊዜ ጣቷ ሳትወድ በግድ ትነካለችና።

ቅዝቃዜ የዚህ ጉዳት የቆየ ጠላት ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ጧት ለጣቷ እንደ መርፌ ነበር፤ ትነጣለች፣ ከዚያ ትጠቁራለች፣ ትለበልባለች። የክረምቱ ሐምሌም አይምርም። ይህ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በአንዳንዱ ላይ ፈጽሞ ሳይለቅ ይቀራል። የሱፍ ጓንት ከቤት ሳይወጡ ማድረግ እንጂ እጅ ከቀዘቀዘ በኋላ በፍም ላይ ማሞቅ አደገኛ ነው። ስሜቷ ገና ያልተመለሰ ጣት ትኩሱን አታውቀውም፤ ተቃጥላ ነው የምትነግራችሁ። ውኃ ትኩስ መሆኑ በደህናው እጅ ይፈተን፤ ጀበናና ምጣድም በእርሱ ይነካ።

በዚህ ረገድ በከተማችን ብዙ ልምድ ያለው ቤት አለ። ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በናራ ያቺ አውራ ጣት በተሰፋችበት ዓመት መሆኑ ያስገርማል። በሥጋ ደዌ ስሜቱን ያጣ እጅ ጣቱ የሚያልቀው በሽታው «ስለበላው» ሳይሆን ሰውየው ሳይሰማው ስለሚቃጠልና ስለሚቆስል መሆኑን በሕንድ ቬሎር ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፖል ብራንድ ለዓለም አስረድተዋል። ስለዚህ ስሜት ያጣ እጅ ያለው ሰው በየቀኑ እጁን በዓይኑ መመርመርን ይማራል። ተማሪያችንም አሁን ማታ ማታ መብራት ሥር ጣቷን አገላብጦ ያያል። ጥፍሯ በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየወጣች ነው፤ ከሥሯ የሚደግፋት አጥንት አጥሯልና ጫፏ ወደ ታች ጎበጥ ብላለች።

የሰፈራችንን ነገር ካነሣን አብነትና በአካባቢው ያሉ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቶች ወጣቶችም ይህን ገጽ ያነቡ ይሆናል። በሥራ ላይ ጣታቸው የተቆረጠ ተቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ የአንድ ሳምንት ደመወዝ ተሰጥቷቸው «አላህ ይማርህ» ተብለው ይሸኛሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ደግሞ ከግማሽ የማያንስ ያገኛል። ጉልበት እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ከዚህ በላይ ካነበባችሁት ጋር አስተያዩት። ጣቱ «ድኗል» ተብሎ በሁለተኛው ወር ወደ ማሽን የተመለሰ ሰው 11 ኪሎ በሚጨብጥ እጅ ጣውላ እየገፋ ነው ማለት ነው፤ የቀሩት ጣቶቹም አደጋ ላይ ናቸው።

እኛም በበኩላችን ጥፋታችንን ለማረም ተነሣን። እስክሪብቶውን በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠቅልለን አወፈርንለት፤ ወፍራም ነገር ለመያዝ ያነሰ ጉልበት ይፈልጋልና። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት መስመር ብቻ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ አንድ መስመር ጭማሪ። በልጅነታችን በሉሕ ላይ በሸምበቆ ብዕር ስንጽፍ የቁርኣን መምህራችን ያደርጉት እንደነበረው ፊደሉን ትልልቅ አድርጎ ማስጻፍም ረድቶታል። የካርቦኑ ወረቀት ቀረ። ቦርሳውም ወደ ባለቤቱ ትከሻ ተመለሰ፤ ታናሽ ወንድሙ በዚህ ከሁሉ በላይ ደስ ብሎታል።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በመጋቢት አንድ ሳምንት ሙሉ እምቢ ብሎ ነበር። ልጆች ጥፍሩን አይተው ስም አውጥተውለት ኖሮ እጁ ተመልሶ ኪሱ ገባ። ሽምብራውንም፣ ሊጡንም ተወ። ተቆጣነው፤ አልጠቀመም። ያስወጣው የአባቱ ነገር ነው። አንድ ማታ አጠገቡ ተቀምጠው እርሳቸውም ቀኝ እጃቸውን ሽምብራው ውስጥ ከትተው ዝም ብለው ያላውሱ ጀመር። ልጁ እንደነገረን አንዳች ቃል አልተናገሩም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርሱም እጁን ከተተ።

በግንቦት ባለሙያዋ ደግማ ስትለካው ቀኙ 19 ኪሎ ደረሰ። ግራውን ገና አልያዘም፤ ላይዝም ይችላል። በቃል ጽሑፍ አሁን አንድ ገጽ ይሞላል፣ ከሌሎቹ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ። ባለፈው ሳምንት ጠመኔ ሰጥተነው የዕለቱን ርእስ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ ጠየቅነው። ወጣ፣ ጻፈ፣ አንዷን ፊደል አጥፍቶ እንደገና ጻፋት። ሊቀመጥ ሲል ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፣ «ቲቸር፣ አይታይም፣ አጉልቶ ይጻፈው» አለ። ተመልሶ ወጣና አጉልቶ ጻፈው።